ተራ አካውንት አድሚን እንዳይሆን፦ የኦንላይን ቀጠሮ ሶፍትዌርን የስልጣን ክፍተት መፈተሽና መዝጋት፣ ከሀ እስከ ፐ

በቀጠሮ ሶፍትዌር ላይ የስልጣን ክፍተት (ተራ አካውንት ያልተሰጠውን መብት የሚያገኝበት ቀዳዳ) መገኘቱ ሲሰማ ብዙ ሰው የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው። አፕዴቱን ይጭናል፣ ይገባል፣ መሥራቱን ያያል፣ በቃ ይተወዋል። አፕዴቱ ግን በሩን ይዘጋል እንጂ ቀድሞ የገባውን አያስወጣም። በክፍተቱ ተጠቅሞ አድሚን የሆነ አካውንት ካለ፣ ከአፕዴቱ በኋላም አድሚን ነው። ሶፍትዌሩ ዳታቤዙ ላይ የተጻፈውን ያምናል፤ ማን እንደጻፈው አይጠይቅም።

ሌላው ስህተት ሜኑን ማመን ነው። «የአድሚን ገጹ ለሪሴፕሽን ሠራተኛ አይታይም፣ ስለዚህ መግባት አይችልም» ይባላል። ሜኑ መደበቅና በር መቆለፍ ለየቅል ናቸው። ገጹ ባይታይም አድራሻውን የሚያውቅ ሰው ሊከፍተው ይችላል፤ ሰርቨሩ ራሱ ካልከለከለው በስተቀር።

ይህ መመሪያ የቀጠሮ ሶፍትዌር በራሳቸው ሰርቨር ላይ ጭነው ለሚያስተዳድሩ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። በተለይ ደረጃ 5ን ከደረጃ 6 አስቀድሙ እንጂ አታስከትሉ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። ሶፍትዌሩ የመሥሪያ ቤታችሁ ከሆነ፣ ፈተናውን እንድታደርጉ ኃላፊው በኢሜይል ይፍቀድ። የእናንተ ባልሆነ ሲስተም ላይ ከታች ካሉት ፈተናዎች አንዱንም አትሞክሩ። «ለማገዝ ነበር» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም።

እነዚህን አዘጋጁ፦

- የሰርቨሩ መግቢያና የዳታቤዙ ፓስወርድ
- ሙሉ ባክአፕ፣ ማለትም የዳታቤዙም የፋይሎቹም
- ባክአፑን የምታስቀምጡበት ከሰርቨሩ ውጭ ያለ ቦታ
- የምትጠቀሙበት የሶፍትዌሩ ትክክለኛ ቨርዥን ቁጥር
- የተጫኑ ፕለጊኖች ዝርዝር

ባክአፑን መልሳችሁ ከፍታችሁ እዩት። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንደሌለ ይቆጠራል።

## ደረጃ 1፦ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት ጻፉ

ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፣ በኋላ ግን ውጤቱን የሚያነጻጽርበት ነገር ያጣል። አንድ ወረቀት ላይ የሚና ዓይነቶችን በግራ ጻፉ፦ አድሚን፣ አገልግሎት ሰጪ ባለሙያ፣ ሪሴፕሽን፣ ደንበኛ፣ ሳይገባ የሚያይ እንግዳ። ከላይ ደግሞ ድርጊቶቹን፦ ቀጠሮ ማየት፣ የሌላ ባለሙያ ቀጠሮ መቀየር፣ የደንበኛ ስልክ ማየት፣ ተጠቃሚ መፍጠር፣ ሚና መቀየር፣ ዝርዝሩን አውርዶ መውሰድ፣ የኤፒአይ (ሌላ ፕሮግራም ከሶፍትዌሩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ) ቁልፍ ማውጣት። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ «ይችላል» ወይም «አይችልም» ጻፉ።

«እንደሁኔታው» የሚል መልስ አትቀበሉ። ባለሙያው የራሱን ቀጠሮ ብቻ መቀየር ካለበት፣ «የራሱን ብቻ» ብላችሁ ጻፉ። ክፍተቱ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያች ሳጥን ውስጥ ነው።

## ደረጃ 2፦ የሙከራ ቅጂ አቁሙ

በሥራ ላይ ባለው ሲስተም አትፈትሹ። ቅጂ አቁሙና በእሱ ሞክሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቅጂውን ከማስነሳታችሁ በፊት ኢሜይልና ኤስኤምኤስ መላኪያውን ዝጉ። በጊዜ የሚነሱ ሥራዎችንም አጥፉ። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ረስቼ ቅጂውን አስነሳሁት። ሌሊቱን የማስታወሻ መልዕክቱ ሥራ ራሱን ጀመረ። ዳታቤዙ የእውነተኛ ደንበኞች ስለነበር፣ ጠዋት ሰዎች ስለተሰረዘ ቀጠሮ እየደወሉ ይጠይቁ ጀመር። የቀጠሮ ሶፍትዌር ሥራው መልዕክት መላክ ነው፤ ቅጂም ቢሆን ይልካል።

የደንበኞችን ስም፣ ስልክና ኢሜይል በሐሰተኛ ቀይሩ። የማስታወሻ ሳጥኑንም አትርሱ። ሰው «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ የጤናውንም የቤቱንም ጉዳይ ይጽፋል።

ከዚያ አምስት የሙከራ አካውንት ክፈቱ፦ ሁለት አድሚን፣ ሁለት ባለሙያ፣ አንድ ሪሴፕሽን። ሁለት ባለሙያ የሚያስፈልገው አንዱ የሌላውን ማየት መቻሉን ለመፈተሽ ነው።

## ደረጃ 3፦ ፈትሹ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፣ አትቸኩሉ። ሁለት ብሮውዘር ክፈቱ። በአንዱ አድሚን፣ በሌላው ሪሴፕሽን ሆናችሁ ግቡ። የአንድ ብሮውዘር ሁለት ታብ አይሆንም፤ ሁለቱ አንድ ሴሽን (ሰርቨሩ የገባውን ሰው የሚያስታውስበት መለያ) ስለሚጋሩ ውጤቱ ያሳስታችኋል።

ፈተና 1፦ አድራሻውን መገልበጥ። በአድሚኑ በኩል የተጠቃሚዎች ገጽ ክፈቱ። ከላይ ያለውን አድራሻ ገልብጣችሁ ሪሴፕሽኑ ብሮውዘር ላይ ለጥፉና ኢንተር በሉ። ገጹ ከተከፈተ ክፍተት አለ። ካልተከፈተም ወዲያው አትደሰቱ። ኤፍ 12 ተጫኑ፣ ኔትወርክ የሚለውን ክፈቱ፣ ገጹን እንደገና ጥሩትና የመልሱን ቁጥር እዩ።

- 403 ከሆነ ሰርቨሩ ማን እንደሆናችሁ አውቆ ከልክሏችኋል። የምትፈልጉት ይህን ነው።
- 401 ከሆነ አላወቃችሁም። ምናልባት ሴሽኑ አልቆ ይሆናል። እንደገና ገብታችሁ ሞክሩ።
- 404 ከሆነ አንዳንድ ሶፍትዌር ሆን ብሎ ገጹን «የለም» ብሎ ይደብቃል። አድራሻው በአድሚኑ በኩል መከፈቱን ካረጋገጣችሁ ደህና ነው።
- 302 ከሆነ ወደ ሌላ ገጽ መልሷችኋል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አንዳንድ ኮድ «ወደ መግቢያ ሂድ» ብሎ ካዘዘ በኋላ አይቆምም፤ ሥራውን ይቀጥላል። ገጹ ባይታያችሁም ትዕዛዙ ተፈጽሞ ሊሆን ስለሚችል ዳታቤዙን እዩ።
- 200 ከሆነ ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቷል። ግን «አልተፈቀደም» የሚል ጽሑፍ ይዞ 200 የሚመልስም አለ። ውስጡን አንብቡ።

ይህን ለእያንዳንዱ የአድሚን ገጽ ድገሙት። ማስቀመጫና መሰረዣ በተኖቹንም ጨምሩ። ገጹን የከለከለ ሶፍትዌር «ሰርዝ» የሚለውን ትዕዛዝ ሊፈጽም ይችላል።

ፈተና 2፦ ቁጥሩን መቀየር። በባለሙያ 1 ግቡና የራሱን ቀጠሮ ክፈቱ። አድራሻው ላይ ለምሳሌ 4127 የሚል ቁጥር ካለ፣ በባለሙያ 2 ቀጠሮ ቁጥር ተኩት። ከተከፈተ፣ ሰርቨሩ «ገብቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ «የእሱ ነው ወይ?» ብሎ ግን አይጠይቅም። ለደንበኛ በኢሜይል የሚሄደውን የመሰረዣ ሊንክም እዩ። መጨረሻው ላይ ተራ ቁጥር ካለው፣ ማንም ሰው ቁጥሩን እየቆጠረ የሰው ቀጠሮ ሊሰርዝ ይችላል።

ፈተና 3፦ የፕሮፋይል ፎርሙ። በእኔ እምነት ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ማንም አይጠረጥረውም። ሪሴፕሽኑ የራሱን ስልክ ቁጥር ሊቀይር ፕሮፋይሉን ይከፍታል። ይህ መብቱ ነው። ነገር ግን ሰርቨሩ የተላከለትን ሁሉ ዝም ብሎ የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ ከስልኩ ጋር «ሚና፦ አድሚን» የሚል ተጨማሪ መስመር ቢላክለትም ያስቀምጣል።

እንዲህ ፈትሹት። መጀመሪያ በአድሚኑ በኩል የአንድን ተጠቃሚ ሚና ቀይራችሁ አስቀምጡ። ኔትወርክ ላይ የተላከውን ክፈቱና የሚናው መስክ ምን እንደሚባልና ምን ዋጋ እንደያዘ ጻፉ። አሁን ወደ ሪሴፕሽኑ ሂዱ፣ ፕሮፋይሉን አስቀምጡ። ፋየርፎክስ ላይ የተላከውን ጥያቄ በቀኝ ክሊክ ይዛችሁ አርማችሁ እንደገና መላክ ትችላላችሁ። የሚናውን መስመር ጨምሩና ላኩ። ወጥታችሁ ግቡ። ከዚያ ገጹን ሳይሆን ዳታቤዙን እዩ። የሪሴፕሽኑ መስመር ላይ ሚናው ተቀይሮ ከሆነ ክፍተቱን እጅ ከፍንጅ ይዛችሁታል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ጊትሃብ የሚባለውን የፕሮግራመሮች ኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ የመታው ችግር የዚህ ዓይነት ነበር፤ ፎርሙ ላይ የሌለ መስክ ተልኮ ሰርቨሩ ተቀበለው።

ፈተና 4፦ የሌላውን ኢሜይል መቀየር። ሪሴፕሽኑ የአድሚኑን ኢሜይል መቀየር ከቻለ፣ ሚናው ባይቀየርም አድሚን ሆኗል። ኢሜይሉን በራሱ ይተካል፣ «ፓስወርድ ረሳሁ» ይላል፣ ሊንኩ ለእሱ ይመጣል።

ፈተና 5፦ ኤፒአይ። ዌብ ገጹ በደንብ ተጠብቆ ኤፒአዩ ክፍት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ኢዚ አፖይንትመንትስ የሚባለው የቀጠሮ ሶፍትዌር ላይ በታወቁ ክፍተቶች መዝገብ ሲቪኢ-2022-1397 ተብሎ የተመዘገበው ክፍተት የኤፒአይ ነበር፤ ከ1.5.0 በፊት ያሉትን ቨርዥኖች ይነካል። ስለዚህ ፈተና 1፣ 2 እና 3ን በኤፒአይ በኩልም ድገሙ። በተለይ የሪሴፕሽን ፓስወርድ ኤፒአዩ ላይ ይሠራ እንደሆነ ሞክሩ።

ፈተና 6፦ የወረደ አካውንት። በአድሚን 2 ግቡና ገጹን ክፍት ተዉት። በአድሚን 1 በኩል አድሚን 2ን ወደ ሪሴፕሽን አውርዱት። አሁን ሳትወጡ በአድሚን 2 መስኮት ላይ ተጠቃሚ ለመፍጠር ሞክሩ። ከሠራ፣ ሶፍትዌሩ ሚናውን ያነበበው ሲገባ ብቻ ነው። ይህ ውጤት ደረጃ 7 ላይ በጣም ያስፈልጋችኋል፣ ጻፉት።

## ደረጃ 4፦ ክፍተት ከተገኘ ለጊዜው አፍኑት

ማስተካከያው እስኪመጣ አትጠብቁ። በዌብ ሰርቨሩ ወይም በፋየርዎሉ የአድሚን ገጾችንና ኤፒአዩን ከምታውቋቸው አይፒዎች ወይም ከቪፒኤን ውጭ ዝጉ። በራስ መመዝገብን አጥፉ። ደንበኞች ቀጠሮ የሚይዙበትን ገጽ ክፍት መተው ትችላላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ክፍተቱ ፈተና 3 ላይ የተገኘው ዓይነት ከሆነ የአድሚን ገጹን መዝጋት ብቻውን አይበቃም። የፕሮፋይል ማስቀመጫው ሌላ አድራሻ ላይ ነው፤ እሱንም ዝጉ። የትኛውን አድራሻ መዝጋት እንዳለባችሁ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሲስተሙን አቁሙና ለአንድ ቀን ቀጠሮ በስልክና በወረቀት ያዙ። ያበሳጫል፣ ግን የደንበኛ መረጃ ሲወጣ ከማየት ይሻላል።

## ደረጃ 5፦ አፕዴት ሳታደርጉ ማስረጃውን አስቀምጡ

አፕዴት ሰንጠረዦችን ይቀይራል፣ ፋይሎችን ይተካል፣ አንዳንዴም ሎግ (የተደረገው ሁሉ የሚመዘገብበት ፋይል) ያጠፋል። ስለዚህ አሁን ያለውን ሁሉ እንዳለ ገልብጡ፦ ዳታቤዙን፣ የሶፍትዌሩን ማኅደር፣ የዌብ ሰርቨሩን ሎግ፣ የሶፍትዌሩን የራሱን ሎግ። ከሰርቨሩ ውጭ አስቀምጡና አትንኩት።

በሎግ ነገር ፍጠኑ። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ አፓቼም ሆነ ኤንጂንኤክስ ሲጫን በተለመደው ቅንብር የሚያስቀምጠው የ14 ቀን ሎግ ነው። ዛሬ ነገ ካላችሁ የመጀመሪያውን ቀን ሎግ ውሃ በላው ማለት ነው።

የተለመደው የዌብ ሰርቨር ሎግ የተጠራውን አድራሻ እንጂ በፎርም የተላከውን ይዘት አይመዘግብም። ስለዚህ «ሚና፦ አድሚን» የሚል ጽሑፍ ሎጉ ውስጥ አትፈልጉ፤ አታገኙትም። የምትፈልጉት ቅደም ተከተሉን ነው። ከአንድ አይፒ ፕሮፋይል ተቀምጧል፣ ወዲያው ከዚያው አይፒ የአድሚን ገጽ ተጠርቶ 200 መልሷል፣ ቀጥሎ የደንበኞች ዝርዝር ወርዷል። ከዚያ በፊት ያ አይፒ የአድሚን ገጽ ነክቶ የማያውቅ ከሆነ ጉዳዩ ከባድ ነው።

ሰዓት ስታነጻጽሩ ደግሞ ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት)፣ ሶፍትዌሩ በአካባቢ ሰዓት ሊመዘግብ ይችላል። መጀመሪያ አንድ የምታውቁትን ድርጊት ሁለቱም ላይ ፈልጉና ልዩነቱን አስሉ።

## ደረጃ 6፦ አፕዴት

1. የማስተካከያውን መግለጫ አንብቡ። ክፍተቱ የተዘጋው በየትኛው ቨርዥን እንደሆነ እዩ።
2. መጀመሪያ በሙከራ ቅጂው ላይ ጫኑት።
3. ሠርቶ ካያችሁ ዋናውን አቁሙ፣ አዲስ ባክአፕ ውሰዱ፣ ጫኑ።
4. ካሹን (ለፍጥነት የተቀመጡ የድሮ ቅጂዎችን) አጽዱና የቨርዥኑን ቁጥር ገጹ ላይ አረጋግጡ።

ግማሽ ላይ ከቆመ፦ የድሮ ፋይሎችን ብቻ መልሳችሁ አታስነሱ። ሰንጠረዦቹ ተቀይረው ፋይሎቹ የድሮ ከሆኑ ቀጠሮ ሊደራረብ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ዳታቤዙንም ፋይሎቹንም አንድ ላይ መልሱ።

ገጹ ነጭ ሆኖ ከቀረ፦ ፕለጊኖቹን ሁሉ አጥፉና አንድ በአንድ አስነሱ።

አፕዴት ገና ካልወጣ፦ ደረጃ 4 ላይ ያፈናችሁትን እንደታፈነ ተዉት። ክፍተቱን ለሠሪዎቹ በግል አድራሻቸው አሳውቁ እንጂ በአደባባይ አትለጥፉ። ሌላውም ተጠቃሚ እንደ እናንተ ክፍት ነው።

## ደረጃ 7፦ የገባውን አስወጡ

ብዙዎች የማይደርሱበት ደረጃ ይህ ነው።

አካውንቶች። የአድሚኖችን ዝርዝር በቀጥታ ከዳታቤዙ አውጡ። እያንዳንዱን ስም ከሰው ጋር አገናኙ፤ ደውላችሁ «ይህ አካውንት የአንተ ነው ወይ?» በሉ። ባለቤት ያልተገኘለትን አግዱ፣ አትሰርዙት። ከሰረዛችሁት ምን እንዳደረገ የሚነግራችሁ ነገር አብሮ ይጠፋል። ከቆየ ባክአፕ ጋርም አነጻጽሩ። ያኔ ሪሴፕሽን የነበረ አሁን አድሚን ከሆነ፣ ማን ቀየረው ብላችሁ ጠይቁ።

ሴሽኖች። ሁሉንም ሰው በአንድ ጊዜ አስወጡ። ሴሽን ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በፋይል ወይም በዳታቤዝ ሰንጠረዥ ነው፤ ያለበትን ባዶ አድርጉ። ሶፍትዌሩ ሚናውን ቶከን (ለተጠቃሚው የሚሰጥ የተፈረመ ዲጂታል መግቢያ) ውስጥ ጽፎ የሚሰጥ ከሆነ ማጽዳቱ አይበቃም፣ ቶከኑ የሚፈረምበትን ቁልፍ ቀይሩ። አለበለዚያ የድሮው ቶከን ጊዜው እስኪያልፍ አድሚን ነኝ እያለ ይገባል። ፈተና 6 የሰጣችሁ መልስ የሚጠቅመው እዚህ ነው።

ፓስወርዶች። የሁሉንም አድሚኖች ቀይሩ፣ ሁለተኛ ማረጋገጫም አብሩ። ከዚያ በፊት ግን የተመዘገበው ኢሜይል የራሳቸው መሆኑን እዩ።

የቀጠሮ ሶፍትዌር ልዩ ወጥመዶች። እነዚህ ፓስወርድ ቢቀየርም አይሞቱም፦

- የካሌንደር ሊንክ። ቀጠሮን ስልክ ላይ ለማየት የሚሰጠው ሚስጥራዊ ሊንክ ፓስወርድ አይጠይቅም። ሁሉንም ሰርዛችሁ አዲስ አውጡ።
- ከውጭ ካሌንደር ጋር የተደረገ ግንኙነት። ከማታውቁት አካውንት ጋር የተገናኘ ባለሙያ ካለ አላቁት።
- ዌብሁክ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ በራሱ መረጃ ወደ ሌላ ሲስተም የሚልክበት ቅንብር። አዲስ ቀጠሮ በተያዘ ቁጥር የደንበኛውን ስምና ስልክ ወደ ውጭ አድራሻ ሊልክ ይችላል። እያንዳንዱን አድራሻ አንብቡ።
- የኤፒአይ ቁልፎች። ሁሉንም ሰርዙ፣ የሚያስፈልገውን ብቻ እንደገና ስጡ።
- የኢሜይል ናሙናዎች። ውስጣቸው የተቀየረ ሊንክ ወይም የተጨመረ ተቀባይ ካለ እዩ።

እናንተም ከተዘጋባችሁ፦ አትደንግጡ። በዳታቤዙ በኩል የአንድ የታወቀ አድሚን ኢሜይል አስተካክሉና በ«ፓስወርድ ረሳሁ» ግቡ። ፓስወርዱን በቀጥታ ሰንጠረዡ ላይ አትጻፉ፤ ሶፍትዌሩ ሃሽ (ወደ ማይነበብ ኮድ የተቀየረ ፓስወርድ) ስለሚጠብቅ አይቀበለውም።

## ደረጃ 8፦ እንደገና ፈትሹ

ስድስቱንም ፈተናዎች ከመጀመሪያው ድገሙ፣ መጀመሪያ በቅጂው ላይ። ከዚያ በዋናው ላይ ለዚሁ በከፈታችኋቸው የሙከራ አካውንቶችና የሙከራ ቀጠሮዎች ብቻ። ውጤቱን ደረጃ 1 ላይ ከጻፋችሁት ወረቀት ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ከጨረሳችሁ በኋላ የሙከራ አካውንቶቹን አጥፉ። የተረሳ የሙከራ አድሚን ራሱ ክፍተት ነው።

## ኮዱ የእናንተ ከሆነ

ፍተሻውን በየገጹ አትበትኑት። ጥያቄ ሁሉ የሚያልፍበት አንድ ቦታ ላይ አድርጉትና መነሻው «አይፈቀድም» ይሁን፤ የተፈቀደውን ብቻ ዘርዝሩ። አዲስ ገጽ የጨመረ ፕሮግራመር ፈቃዱን ቢረሳ ገጹ ዝግ ይሆናል እንጂ ክፍት አይቀርም።

ከፎርም የሚመጣውን ሁሉ አትቀበሉ። ለፕሮፋይል ስም፣ ስልክ፣ ቋንቋ ብቻ ተቀበሉ፤ የቀረውን ጣሉ። ሚና መቀየሪያውን ራሱን የቻለ መንገድ አድርጉለት፣ በእሱም ማን የማንን ሚና መቼ እንደቀየረ ይመዝገብ። ቀጠሮ ሲጠራ ደግሞ በቁጥሩ ብቻ አትፈልጉ፤ «ይህ ቁጥር ያለውና የዚህ ባለሙያ የሆነ» ብላችሁ ፈልጉ። የዌብ ደኅንነት ድርጅቱ ኦዋስፕ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር የፈቃድ ቁጥጥር ጉድለትን ከአምስተኛ ወደ አንደኛ ያወጣው፣ ችግሩ በምርመራ ላይ በብዛት ስለሚገኝ ነው።

## መረጃ ወጥቶ ከሆነ

ሎጉ የደንበኞች ዝርዝር መውረዱን ካሳየ፣ ለኃላፊውና ለሕግ ክፍሉ በዚያው ቀን ንገሩ። በብዙ አገር ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማሳወቂያው ጊዜ አጭር ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለምሳሌ 72 ሰዓት ይላል።

ለደንበኞቹ ስትጽፉ ምን እንደወጣ በስሙ ጥሩት። «አንዳንድ መረጃዎች» አትበሉ። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የቀጠሮ ቀንና የጻፉት ምክንያት ወጥቶ ከሆነ አራቱንም ጻፉ። ቀጠሮውን የሚያውቅ አጭበርባሪ ቀኑን ጠቅሶ፣ የባለሙያውን ስም ጠርቶ «ቅድሚያ ክፍያ ላኩ» ብሎ ሊደውል ይችላል። ለቀጠሮ በስልክ ተደውሎ ክፍያ እንደማይጠየቅ፣ ከተጠየቁም ዘግተው በሚያውቁት ቁጥር መልሰው እንዲደውሉ ደብዳቤው ላይ አስገቡ።